ካልሲ የጎረሰው ጥሩምባ

ባለፈው ወር መሥሪያ ቤታችን ለሁለት ቀን ሥልጠና ቢሾፍቱ ወስዶን ነበር። የመጨረሻው ቀን ምሳ ሐይቅ ዳር ሆነና የተጠበሰ ዓሣ ቀረበልን። እኔም እንደ ሰው ሎሚውን ጨምቄ ልበላ ስል የጣቴ ሽታ አፍንጫዬ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ዓሣው ተረሳ። አጠገቤ የተቀመጠችው ባልደረባዬ "ምነው፣ አጥንት ወጋሽ እንዴ?" አለችኝ።

"አይ፣ አያቴ ትዝ አሉኝ" አልኳት። "እዚህ ሐይቅ ዳር ቆመው የአባቴን መርዶ ተናግረው ነበር።"

"ውይ! አባትሽ እዚህ ነው እንዴ ያረፉት?"

"ኧረ አባቴ ደህና ነው። አሁን ቤት ቁጭ ብሎ ኳስ እያየ ይሆናል።"

ቀልድ መስሏት ስቃ አለፈችው። ቀልድ ግን አይደለም።

አባባ የምንላቸው አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ የሰፈራችን እድር ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። የምንኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ መንገዱ ወደ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ነው። ዛሬ እድራችን ዘምኗል፤ ሰው ሲያርፍ በቴሌግራም ይነገረናል፣ እኛም የሚያለቅስ ቢጫ ፊት ልከን ወደ ሥራችን እንመለሳለን። ያኔ ግን ሞት የሚመጣው በአባባ በኩል ነበር። ሊነጋጋ ሲል ጋቢያቸውን ደርበው ከቤታችን በላይ ያለችው ጉብታ ላይ ይወጣሉ። ሦስት ጊዜ ይነፋሉ። ከዚያ በዚያ ውሻውን ሁሉ ዝም በሚያሰኝ ድምፃቸው "የእድራችን አባል ወይዘሮ እገሊት አርፈዋል! ቀብር በስድስት ሰዓት!" ይላሉ። ተመልሰው መጥተው ዳቦ በሻይ ይበላሉ፤ ዳቦውን ሻዩ ውስጥ እየነከሩ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው።

ጥሩምባው ነሐስ ነው። ያኔ ከእኔ ቁመት ትንሽ ያንስ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለን እንወለውለው ነበር፤ እሳቸው አመዱን በጨርቅ ያሹታል፣ እኔ ሎሚውን እጨምቃለሁ። ከቤቱ ሥራ ሁሉ እኔን የሚመለከት ሥራ ያ ብቻ ነበርና በጣም እኮራበት ነበር። ሰኞ ትምህርት ቤት ስገባ እጄ ሎሚ ሎሚ ይሸታል። መምህራችን አንድ ጊዜ "ምን ዓይነት ሽቶ ነው?" ብላ ጠይቃኛለች።

ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ሁለተኛ ክፍል። ፋሲካ አልፎ ክረምት ሳይገባ ያለው ጊዜ ነው። አንድ ቅዳሜ ጥሩምባውን ከምንጊዜውም አብልጠን ወለወልነው፤ እንደ መስተዋት ጥርሴን ሳይበት የወለቀው ቦታ ሁሉ ይታይ ነበር። በማግስቱ እሑድ አባባ ጉብታው ላይ ወጥተው የእማማ ብዙነሽን ስም ጠሩ። እማማ ብዙነሽ ከትምህርት ቤት ስመለስ በየቀኑ አንድ ጭብጥ ቆሎ ኪሴ ውስጥ የሚጨምሩልኝ ጎረቤታችን ናቸው። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። መጀመሪያ ጥሩምባ ይነፋል። ቀጥሎ ስም ይጠራል። ከዚያ ልቅሶ ይጀመራል። አንድም ቀን ልቅሶው ሲቀድም ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ፤ ሰው የሚሞተው አባባ ስሙን ስለሚጠሩት ነው። ጥሩምባውን ደግሞ እንደዚያ አድርጌ የወለወልኩት እኔ ነኝ።

ለማንም አልተናገርኩም። ለማን ይነገራል? አባባን እወዳቸው ነበር፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን እፈራቸው ጀመር። ሁለቱ አንድ ላይ ሆድ ውስጥ ሲቀመጡ እንዴት እንደሚያስጨንቅ የሚያውቀው ያየው ነው። ቅዳሜ ሲደርስ "ሆዴን አመመኝ" ብዬ ተኛሁ። አባባ ብቻቸውን ሎሚም አመድም ይዘው ተቀመጡ።

ዋናው ጭንቀቴ ግን ስሜ ነበር። ስሜን ካላስታወሱ ሊጠሩኝ አይችሉም። ስለዚህ አንድ ቀን ቁርስ ላይ፣ ድፍረቴን ሰብስቤ፣

"አባባ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስሜ ተቀይሯል" አልኳቸው።

"እሰይ! ማን ተባልሽ?"

"ቤቲ።"

"ሰላማዊትስ?"

"ሰላማዊት የምትባል ልጅ እዚህ የለችም" አልኩ።

እናቴ ሳቀች። አባባ አልሳቁም። ስሙን ያወጡልኝ እሳቸው መሆናቸውን ያኔ አላውቅም ነበር። ዳቧቸውን ሻዩ ውስጥ ረስተውት ሟሟ። "እሺ ቤቲ" ብቻ አሉ።

የሐይቁ ነገር የመጣው ከዚህ ሁሉ ትንሽ ቀደም ብሎ ነበር። አክስቴ ፀዳለ፣ የአባቴ እህት፣ ጉርድ ሾላ እየኖረች ቢሮ ትሠራ ነበር፤ ቢሮዋ ያሉ ሰዎች ሁሉ ቢሾፍቱ ሄደው ፎቶ ተነስተው ሲመለሱ እሷ ብቻ ቀረች። "እንደ ሰው ቤተሰብ ይዘን አንድ ቀን እንኳ አንዝናናም?" ብላ አባቴን አሳመነችው። ሰፊ ኮፍያና ፊቷን እስከ ጉንጯ የሚሸፍን ጥቁር መነጽር ገዛች። ፕሮግራሙ ለአንድ እሑድ ተያዘ። እናቴ ድፎ ዳቦ ጋገረች፣ እንቁላል ቀቀለች። በዚያች እሑድ እማማ ብዙነሽ አረፉ። ድፎውንም እንቁላሉንም ለቀስተኛ በላው።

ለሚቀጥለው እሑድ ተላለፈ። ድፎ ተጋገረ። የእድሩ ጸሐፊ አማት አረፉ። ድፎውን ለቀስተኛ በላው።

ሦስተኛው እሑድ ያረፉት ደግሞ ብዙዎቻችን ቀደም ብለው የሞቱ የሚመስሉን ሽማግሌ ነበሩ። አክስቴ ለመንገድ ለብሳ እንደመጣች ድንኳን ውስጥ ገባች፤ ጥቁር መነጽሯን አድርጋ ጥግ ይዛ ስትቀመጥ ሴቶቹ "ይቺ ልጅ ሐዘኑ እንዴት ቢጎዳት ነው!" እያሉ ውሃ አመጡላት። ያለቀሰችው እውነቷን ነው፤ ያለቀሰችው ግን ለሐይቁ ነው።

እኔ መወልወል ካቆምኩ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል፤ ሰው ግን መሞቱን አላቆመም። የበፊቱ ውልወላ ገና ስላልለቀቀ ነው ብዬ ገመትኩ።

ለአራተኛው እሑድ አባቴ ቆረጠ። "ማንም ይሙት፣ እንሄዳለን!" አለ። እናቴ አማተበች። ችግሩ አባባ ነበሩ፤ ጥሩምባ ነፊ ሰፈሩን ጥሎ አይሄድም። በስንት ልመና ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ በጉሮሯቸው እንዲተኳቸው ተስማሙ። ጋሽ ደምሴ ከዋዜማው ጀምሮ ዝንጅብል ሲያኝኩ ዋሉ። ጥሩምባውን ግን አባባ ለማንም አልሰጥም አሉ።

"ሐይቅ ዳር ምን ይሠራል አባባ?" አለ አባቴ።

"አንተ ኮፍያ ያደረገች እህትህን ይዘህ ትሄዳለህ፤ እኔ ጥሩምባዬን ይዤ እሄዳለሁ" አሉ።

የአባቴ መኪና ቮልስ ነው። ምግቡ ከፊት ኮፈኑ ስር ገባ፤ አባባ ከፊት ተቀመጡ፤ ከኋላ እናቴ፣ እኔ፣ ጉርድ ሾላ ስንደርስ ደግሞ አክስቴ። ጥሩምባው ሌላ ቦታ ስላልተገኘለት በሦስታችን ጭን ላይ ተጋደመ። ሰፊው አፉ ጥጉን የያዝኩት እኔ ጋ ነው። መንገዱ ሲያንገጫግጨን "ኡ" የሚል ድምፅ ያሰማል፣ እኔም በእያንዳንዱ "ኡ" አፉን በእጄ እከድናለሁ። በመኪናው ውስጥ ያለነው አምስት ነን፤ የማን ተራ ይሆን እያልኩ አንድ በአንድ አየኋቸው። እናቴን ሳይ አላስቻለኝም።

ቃሊቲን አልፈን ዱከም ስንደርስ መላው መጣልኝ። እናቴና አክስቴ በኮፍያው ይጨቃጨቃሉ፤ ኮፍያው የእናቴን ዓይን እየወጋ ነው። ቀስ ብዬ ጫማዬን አወለቅኩ። አንዷን የክት ካልሲዬን፣ ዳንቴል ያላትን ነጯን፣ ጠቅልዬ ጥሩምባው አፍ ውስጥ ከተትኳት። በጣቴ ገፋሁ፤ ጣቴ ሲያጥር የእናቴን የጃንጥላ ጫፍ ተጠቀምኩ። ጫማዬን ባዶ እግሬ ላይ መልሼ አሰርኩ። ከዚያ ቢሾፍቱ እስክንደርስ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።

ሐይቁ ባቦጋያ ነው። ከላይ ሆኖ ሲያዩት ጎድጎድ ካለ ሳህን ሥር የቀረ ውሃ ይመስላል። ወርደን ዳር ዳሩን ብዙ ተጓዝን፤ እናቴ እየደጋገመች "ስንት ልብስ ይታጠብበታል!" ትላለች፣ አክስቴ በየዛፉ ሥር ቆማ ፎቶ አንሱኝ ትላለች፣ አባባ ጥሩምባቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ከኋላ ይከተላሉ። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ቆም ብሎ ያያቸዋል። አንዲት የሾላ ዛፍ ሥር ምንጣፍ አነጠፍን። አባባ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሐይቁን ለረጅም ጊዜ አዩትና "ይህ ሁሉ ውሃ፣ በሰፈራችን ቧንቧ ሁለት ቀን ጠፍቶ ሳለ፣ እዚህ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል?" አሉ።

ዳቦው ሳይቆረስ አክስቴ በእግር የሚዘወር ጀልባ አየች። ሁለት ሰው ነው የሚይዘው። አባቴ አብሯት ሊገባ ተነሳ። ጀልባ አከራዩ ሰውዬ ስለ መሪው ሊያስረዳው ሲል "ቮልስ የሚነዳ ሰው መሪ ታስተምራለህ?" ብሎ አቋረጠው። ሰውዬውም ገፋ አደረጋቸውና ምሳውን ሊበላ ወደ ላይ ወጣ።

መጀመሪያ አማረባቸው። ከዚያ የአክስቴ የጫማ ተረከዝ ፔዳሉ ውስጥ ተቀረቀረ። በአንድ ወገን ብቻ ሲዘወር ጀልባው ባለበት ይሽከረከር ጀመር፤ አንዴ የአባቴን ፊት እናያለን፣ አንዴ የአክስቴን ኮፍያ። ከዚያ ነፋስ ተነሳ። ኮፍያው በረረ። ጀልባው እየተሽከረከረ ወደ መሐል ሄደ፣ ሄደ፣ አነሰ። የአባቴ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤

"ፍሬን የለውም! ፍሬን የለውም!"

እናቴ "ዋና አይችልም እኮ!" ብላ ራሷን ያዘች። እንጦጦ ሥር ያደገ ሰው ዋና ከየት ይማራል? ጮኸች፤ ማንም አልሰማም። ትንሽ ራቅ ብሎ ሙሽሮች ፎቶ እየተነሱ ነው፤ ሙዚቃው ሰማይ ይነካል። እናቴ ወደ አባባ ዞረች።

"አባባ፣ ይንፉ! ይንፉልኝ እባክዎ!"

"ይህ ዕቃ ለሞተ እንጂ ለሌላ ተነፍቶ አያውቅም" አሉ አባባ። እጃቸው ግን ጥሩምባው ላይ ነበር።

"ሳይሞት ይንፉት እንጂ!"

እኔ ክንዳቸው ላይ ተንጠለጠልኩ። "አይንፉ! አባባ፣ በማርያም፣ አባዬን አይንፉት!" አባባ በግራ እጃቸው ቀስ አድርገው ወደ እናቴ ገፉኝና ተነሱ።

ነፉ። ድምፅ የለም። ጉንጫቸው ተነፋ፣ ዓይናቸው ፈጠጠ፣ ድምፅ የለም። ጥሩምባውን ገልብጠው አዩት። እንደገና ነፉ፤ የአንገታቸው ሥር ተገተረ። እኔ "ተመስገን" እላለሁ በሆዴ። በሦስተኛው ግን ያላቸውን ትንፋሽ ሁሉ ሰበሰቡና ነፉ፤ ካልሲዬ ከጥሩምባው አፍ ተወንጭፋ ወጥታ በአየር ላይ ተዘርግታ ሄዳ ውሃው ላይ አረፈች። ከኋላዋ ያ ድምፅ ወጣ። ሐይቁ ዙሪያውን ገደል ስለሆነ ድምፁ እየዞረ ደጋግሞ መጣ። የሙሽሮቹ ሙዚቃ ቆመ።

እዚህ ላይ ቢያቆሙ ጥሩ ነበር። ነገር ግን አባባ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥሩምባ ነፍተው ስም ሳይጠሩ ቀርተው አያውቁም። አፋቸው ከጥሩምባው ሲላቀቅ በራሱ ጊዜ ሥራውን ቀጠለ፤

"የእድራችን አባል አቶ ግርማ ወልዴ..."

ከዚያ ቆሙ። የሚቀጥለው ቃል "አርፈዋል" ነው። ምላሳቸው ላይ ደርሶ ሲታገላቸው አያለሁ። እናቴ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ገደሉ "ግርማ ወልዴ... ወልዴ..." እያለ ይጠብቃቸዋል።

"...ውሃ ላይ ናቸው!" አሉ በመጨረሻ። "ቀብር በ... የለም! ቀብር የለም! ጀልባ ያለው ይድረስ!"

ከሩቅ የነበረው ሰው የሰማው ግን ጥሩምባውንና ስሙን ነው፤ እሱ ደግሞ ለኢትዮጵያዊ ይበቃዋል። ከየዛፉ ሥር ሰው ተነሳ። ሴቶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ መጡ። ሙሽራዋ ቬሏን በክንዷ ሰብስባ፣ ሚዜዎቿን አስከትላ እየሮጠች ደረሰች። ከላይ መንገድ ላይ ጋሪያቸውን ያቆሙ አንድ አዛውንት ወርደው አባባን በኦሮምኛ አጽናኗቸው፤ አባባም ሱሉልታ ገበያ በለመዱት ኦሮምኛ ልጃቸው እንዳልሞተ ሊያስረዱ ሲጥሩ አዛውንቱ እያቀፉ "ይጽኑ" ይሏቸዋል። አንዲት እናት የማን ግርማ እንደሆነ ሳያውቁ "ወይኔ ግርማ! ወይኔ ግርማ!" እያሉ ደረታቸውን ይደቃሉ። ውሃው ላይ ያሉትን ሁለቱን የሚያውቀው ጀልባ አከራዩ ግን ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ሮጦ መጣ፤ ሌላ ጀልባ ውስጥ ገባና ገመድ ይዞ ገሰገሰ።

እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስሙ ተጠርቷል፤ አለቀ። አባቴ ሞቷል፤ የገደሉት አባባ ናቸው፤ ሎሚውን የጨመቅኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ተጨንቄ አላውቅም፣ ከዚያም ወዲህ ቢሆን ብዙ ጊዜ አልተጨነቅኩም።

"ማን ሞቶ ነው?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዓይኔን ስገልጥ አባቴ ነው። እስከ ጉልበቱ ረጥቧል። ከጀልባው ወርዶ ያን ሁሉ ሕዝብ እያየ ፊቱ ተለዋውጧል። "ምነው? ማን ሞቶ ነው?"

ደረታቸውን ይደቁ የነበሩት እናት እንባቸውን ጠርገው፣

"አንተ ነህ ልጄ" አሉት።

ሕዝቡ ተንጋግቶ ሳመው። አክስቴ ባንድ እግሯ ጫማ፣ ባንድ እግሯ ባዶ፣ መነጽሯን አድርጋ ከኋላው ስትወርድ ሴቶቹ ባለቤቱ መስላቸው እሷን ደግሞ አቀፏት። እናቴ ባለቤቱ እኔ ነኝ ለማለት እንኳ ጊዜ አላገኘችም። ከዚያ ያን ያህል ሰው ደንግጦ መጥቶ ባዶ አፉን አይሸኝምና ድፎው ወጣ፣ እንቁላሉ ወጣ። ሙሽሮቹም ከራሳቸው አመጡ። አራተኛውንም ድፎ ለቀስተኛ በላው።

እኔ ከሰው ራቅ ብዬ ውሃው ዳር ቆሜ አባቴን ከሩቅ አየዋለሁ፤ ዳቦ ይበላል። ለማረጋገጥ ሁለቴ ሄጄ ቆነጠጥኩት። ሲጮህ ተመለስኩ። አባባ ጥሩምባቸውን ይዘው መጡና አጠገቤ ቆሙ። ጎንበስ ብለው በጥሩምባው አፍ ካልሲዬን ከውሃው ጠልፈው አወጧት። ጨመቋት። ከዚያ እግሬን አዩ።

"ቤቲ፣ ይቺ ያንቺ ትመስላለች።"

ካልሲ የሌለውን እግሬን ከሌላው ኋላ ደበቅኩ።

"ጥሩምባዬ በርዶት ነው ካልሲ ያለበስሽው?"

"ሰው እንዳይሞት ነው" አልኩ፤ ከዚያ ፈነዳሁ። እማማ ብዙነሽን፣ ሎሚውን፣ ስሜን ሁሉንም አንድ ላይ ነገርኳቸው። አባባ ቁጭ አሉ። ፂማቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ።

"እኔ ስነሳ አንቺ ተኝተሻል" አሉ። "ከመንፋቴ በፊት በራችን ይንኳኳል። ሰምተሽ አታውቂም?"

"ማን ነው የሚያንኳኳው?"

"የሞተባቸው። የእማማ ብዙነሽ ልጅ በባዶ እግሩ ነው የመጣው። መጀመሪያ ሰው ይሞታል፤ ከዚያ እኔ ጋ ይመጣሉ።"

"ከሞቱማ ለምን ይነፋሉ?"

"ብቻቸውን እንዳያለቅሱ ነዋ" አሉ። አገጫቸውን ወደ ሾላው ዛፍ አነሱ፤ ሙሽራይቱ ከአክስቴ ጋር ፎቶ ትነሳለች፣ የጋሪው አዛውንት እንቁላል ይልጣሉ፣ የማናውቃቸው እናት አባቴን በግድ ያጎርሱታል። "አየሽ? ነፋሁ፣ መጡ። ሥራዬ ይኸው ነው። አባትሽንም በስሙ ጠራሁት፤ ይኸው ሦስተኛ ቁራሹን ይዟል።"

እውነትም ሦስተኛው ነበር። እጃቸውን ያዝኩ። ሎሚ አይሸትም፤ ብቻቸውን ስለሚወለውሉ ሎሚ መጭመቁን ትተውት ነበር።

ማታ ቤት ስንገባ ጋሽ ደምሴ በር ላይ ጠበቁን። ማንም አልሞተም፤ ያን ሁሉ ዝንጅብል በከንቱ አኝከዋል። በማግስቱ ጠዋት ከአልጋዬ ስወርድ ጥሩምባው ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ካልሲዬ አፉ ውስጥ ተወትፋለች። ታጥባ ደርቃለች። የወተፉት አባባ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ነፍተው ሲመለሱ መልሰው ይወትፏት ነበር፤ እናቴ ግን እዚያ መኖሯን ሳታውቅ፣ ለጥንዷ ብላ ክረምቱን ሙሉ ስትፈልጋት ከረመች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባባ አመዳቸውን ይዘው ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። እኔ ሳይጠሩኝ ሎሚ ይዤ ወጣሁ።

"መጣሽ ቤቲ?"

"ቤቲ የምትባል ልጅ እዚህ የለችም" አልኳቸው።

ጨርቁን አስቀመጡ። "ታዲያ ማን ልበል?"

"ሰላማዊት። ጮክ ብለው ይጥሩኝ።"

አባባ ተነሱ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ደረታቸውን ነፍተው፣ ያንኑ የጉብታውን ድምፅ አውጥተው፣ "ሰላማዊት ግርማ!" ብለው እንጦጦ እስኪመልስላቸው ድረስ ጠሩኝ።

እኔ "አቤት!" አልኩ። ጎረቤት ሁሉ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ወጣ።